ፊቱ ዋንዛ ያልሆነ ጊታር

ስለ እንጨት የማያውቅ ሰው ስለ እንጨት ሲያስረዳኝ ደሜ ይፈላል። የቆየ ሕመሜ ነው። ባለቤቴ ሙሉ «አንተን ስኳርም ደም ብዛትም አይገድልህም፤ አንድ ቀን አንዱ መጥቶ ባሕር ዛፍ ለቁም ሳጥን ይሆናል ይልህና እዚያው ክልትው ትላለህ» ትለኝ ነበር። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ በነበረችው የቆርቆሮ ሱቄ ሃያ ዓመት ሙሉ አልጋና ቁም ሳጥን ስሠራ ያልሰማሁት ምክር የለም። በ1978 ዓ.ም. የሰማሁት ግን ከሁሉም ባሰ፤ ዛሬም ሳስበው እጄ መዶሻ ይፈልጋል።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ 23 ቀን ነው። የቀበሌያችን የኪነት ጓድ ከሠራተኞች ቀን ሰልፍ በጭነት መኪና ሲመለስ፣ ከበሮ መቺው የሐዱሽ ጊታር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠበት። ከበሮ መቺው ደግሞ ከሰማንያ ኪሎ አያንስም። ሰው እንዴት ጊታር ላይ ይቀመጣል? ብዬ ስጠይቀው «ጨርቅ መስሎኝ» አለኝ። ጊታርን ከጨርቅ ጋር ምን እንዳመሳሰለበት እግዜር ይወቀው።

ሐዱሽ የጎረቤቴ የፍረወይኒ ልጅ ነው፤ ያላትም እሱ ብቻ ነው። ባሏ ልጁ ገና ዳዴ ሳይል ሞተባት፤ ሹራብ እየሠራች፣ ሾላ ገበያ እየሸጠች አሳደገችው። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ደግሞ ክፉ ዕድሜ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ፣ ቀበሌው በየዙሩ የወጣቶች ስም ዝርዝር ያስተላልፋል። ሐዱሽ ሁለት ዙር ያመለጠው በጊታሩ ነው። በስሙ አንጻር «ለኪነት ጓዱ አስፈላጊ» የሚል ተጽፎለታል። ጊታር የሌለው ጊታር ተጫዋች ግን ለማን ያስፈልጋል? ቀጣዩ ዝርዝር የሚወጣው መስከረም ላይ ነው። የሚሄዱትም ወደ ሰሜን ነው፤ የፍረወይኒ ወንድሞችና እህቶች ወደሚኖሩበት አገር፣ ጠመንጃ ይዘው።

ፍረወይኒ የተሰበረውን ጊታር በነጠላ ጠቅልላ ሱቄ መጣች።

«ጋሽ ካሳዬ፣ እርስዎ አልጋ ይሠሩ የለም?» አለችኝ።

«አልጋና ጊታር አንድ ነው እንዴ?»

«ሁለቱም እንጨት ነው።»

ይኸውላችሁ! እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። ልቆጣ አልኩና ዓይኗን አየሁት፤ በለቅሶ ቀልቷል። ነጠላውን ፈታሁ። አንገቱ ደህና ነው፤ ክሮቹና መቃኛዎቹም ተርፈዋል። ሆዱ ግን ደቋል። ስብርባሪውን ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ሳይ፣ መጀመሪያ የገረመኝ ፊቱ ነው፤ ከክሩ ሥር ያለው፣ ክብ ቀዳዳ የተበጀለት ገበታ። ውፍረቱ ከሁለት ሚሊ ብዙ አያልፍም። ነጣ ያለ፣ እንደ ገለባ የቀለለ፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያሉ ደቃቅ መስመሮች ያሉት የፈረንጅ ጥድ ነው። ከሥሩ ቀጫጭን ዘንጎች ተለጥፈውበታል። ጎኑና ጀርባው ሌላ እንጨት ነው፤ ጠቆር ያለና ጠንካራ። የፊቱን ስባሪ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ አንኳኳሁት። ተሰብሮም ይጮሃል። የጀርባውን አንኳኳሁት፤ ጠንከር አድርጎ መለሰልኝና ዝም አለ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህን ዕቃ የሚያናግረው ፊቱ ነው፣ ሌላው የድምፁ ቤት ነው።

«እሠራልሻለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ጓድ መኩሪያ መጣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው፤ የኪነት ጓዱም የበላይ። ቀጭን፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ከመናገሩ በፊት በር በሩን የሚያይ ሰው ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይመቸኝም፤ የሚናገረውን ነገር በግማሹ የሚውጠው ይመስለኛል።

«ጋሽ ካሳዬ፣ ጊታሩን በዋንዛ ይሥሩት» አለኝ።

«ጀርባውንና ጎኑን በዋንዛ እሠራዋለሁ።»

«ፊቱንም።»

«ፊቱስ በዋንዛ አይሆንም፣ ጓድ መኩሪያ። ዋንዛ ለአልጋና ለበር ነው። ለጊታር ፊት ቢሆን ድምፁን ይውጠዋል።»

«በገና ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ከዋንዛ።»

«ክራርስ? ከበሮስ?»

«ከዋንዛ! ግን እኮ ፊታቸው ቆዳ ነው! የሚጮኸው ቆዳው ነው እንጂ ዋንዛው አይደለም! ዋንዛው ለቆዳው ወንበር ነው!»

«አባቶቻችን ዋንዛን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም» አለ፤ ቀስ ብሎ። በሩን አየ። «ዋንዛ ያምራል። ለእኛ ደግሞ ዋንዛ ይበቃናል። ብዙ አይድከሙ።»

ሰው በገናን ዕድሜውን ሙሉ እያየ ቆዳውን እንዴት አያየውም? መኩሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ ነው። ሻይ ቤት ብትገባ «ዋንዛ ነው እንጂ!»፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ብትቆም «ዋንዛ ካልሆነማ ምኑን መሣሪያ ሆነ!» እኔ ወንበሩን አትዩ፣ በላዩ የተቀመጠውን ቆዳ እዩ እያልኩ ስጮህ አንድ ሰው አልሰማኝም። መኩሪያ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ከቀበሌው መጋዘን አውጥቶ በሸክም ላከልኝ። እንቢ ብል ዝርዝሩን የሚያስተላልፈው እሱ ነው፤ ስለዚህ እሺ አልኩ።

ጎኑን በፈላ ውሃ ዘፍዝፌ በጋለ የብረት ቱቦ ላይ አጎበጥኩት። ሁለቱ ተሰበሩብኝ፤ ሦስተኛው እሺ አለ። ፊቱን ላሳሳው መላጊያ ሳነሳ እንጨቱ አስጨነቀኝ፤ ወፈር ካደረጉት አይርገበገብም፣ ካሳሱት በክሩ ጉልበት ይጎብጣል። መሐል ላይ ተውኩት። ጣውላዎቹ ጠባብ ስለነበሩ ሆዱ ከድሮው አነሰና ትንሽ ጊታር ሆነ። ትንሽ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ትልቅ ጊታር ፊቱ ቢሰንፍ በሆዱ ስፋት ትንሽ ይካሳል፤ የትንሽ ጊታር ሀብቱ ግን ፊቱ ብቻ ነው።

መልኩንማ ብታዩት! ቨርኒሹ ሲደርቅ ማር መሰለ። ሐዱሽ ተቀበለኝ፣ ቃኘውና መታው። ድም። በቃ፣ ድም። የጤፍ ከረጢት በጥፊ እንደ መምታት ነው። ድምፁ ከክሩ ይነሳና የሱቄን ደፍ ሳይሻገር ይሞታል።

«ጥሩ ነው፣ ጋሽ ካሳዬ» አለ ሐዱሽ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ውሸት ግን አይችልበትም።

«ምኑ ነው ጥሩ?»

«መልኩ።»

ፍረወይኒ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። መኩሪያ አንድ ጊዜ አስመትቶ ሰማውና ፊቱ ፈካ። «እጅዎ ይባረክ፤ እንዲህ ነው እንጂ» አለ። የሐዱሽ ስም ካለበት አልተነካም። ነገሩ ለሁሉም አለቀ። ለእኔ ግን አላለቀም፤ ምክንያቱም የኪነት ጓዱ የሚለማመድበት አዳራሽ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። ከሰዓት ከሰዓት አኮርዲዮኑ ይሰማኛል፣ ከበሮው ይሰማኛል፣ የሐዱሽን ጣቶች ደግሞ በመስኮቱ አያለሁ፤ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ አንዳች ነገር አይሰማም። አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ «ካሳዬ ለሐዱሽ ትሪ ሠራለት አሉ» ብሎ ቤቱን በሙሉ አሳቀ። እኔ ካሳዬ! ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ለሙሉ ስነግራት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ልጁ ሰፈር አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«እናቱ እንቅልፍ አግኝታለች ወይስ አላገኘችም?»

«አግኝታለች።»

«ታዲያ ድምፁ ላንተ ምን ያደርግልሃል?»

ይህን ጥያቄ ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ተቆጣሁ። ትሪ ሠራ ተብዬ ነው እኮ!

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት እንጨት የለም። የአገራችን ጥድ ሽታው ልብ ያጠፋል፤ ግን በእያንዳንዱ ስንዝር ጉጥ አለበት፣ ሳሳሳው በጉጡ በኩል ተሰነጠቀ። ዝግባ ደህና መሰለኝ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ቀለል ይላል። የሸጠልኝ ሰው «አምስት ዓመት የደረቀ ነው» ብሎ በማርያም ማለልኝ፤ ክረምቱ ሲገባ እንደ ቁርበት ተጠቀለለ። ወይራ ለመዶሻ እጀታ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ከክብደቱ የተነሳ ጊታሩ በኪሎ የሚሸጥ ይመስላል። አንድ ወዳጄ ከገርጂ በኩል ባሕር ዛፍ ላምጣልህ አለኝ። ሙሉ ቶሎ ብላ እጄን ያዘችኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሙሉ ሽንኩርት ግዛ ብላ ሾላ ገበያ ላከችኝ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አንዲት ሴት ሽንኩርቷን በሁለት ድንጋይ ላይ በተጋደመ የሳጥን ክዳን ላይ ዘርግታለች። ሽንኩርት ላነሳ ስል የጣቴ አንጓ ክዳኑን ነካው። ጮኸ! ሽንኩርቱን ጣልኩና ደግሜ አንኳኳሁ። ከዚህ ሲያንኳኩት ወዲያኛው ጫፍ ይመልሳል። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ ጆሮዬን ጫፉ ላይ ደቀንኩ።

«አባባ፣ ሽንኩርት ሊገዙ ነው ወይስ ቤቶች እያሉ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

ክዳኑ ላይ በጥቁር ቀለም የሩሲያ ፊደል ተጽፎበታል። ወንድሟ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ያወርዳል፤ የመሣሪያ መለዋወጫ የሚመጣበት ሳጥን ሲፈርስ ክዳኑን ይዞላት መጣ። በምራቄ ጠረግ አድርጌ አየሁት። ያው ነጣ ያለው እንጨት ነው፤ ጥብቅ ጥብቅ ያሉ ቀጥ ያሉ መስመሮች። እዚያ ብርድ አገር ዛፉ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ መስመሩ ይጠባል። እነሱ እንዲህ ያለውን እንጨት ሚስማር መትተው ሳጥን ያደርጉታል! እኛ ደግሞ ሽንኩርት እንዘረጋበታለን!

«ይህን ሽጭልኝ» አልኳት።

«ሽንኩርቴን ጭቃ ላይ ላፍስ?»

ወደ ሱቄ ሮጬ፣ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ተሸክሜ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ጣውላውን አየች፣ እኔን አየች፣ ግራ ቀኝ ያሉትን ነጋዴዎች ጠራች። «እናንተ፣ ምስክር ሁኑኝ! ዋንዛ ሰጥቶ ይህን የወሰደው በራሱ ፈቃድ ነው፤ ነገ መልሺ ቢለኝ አልሰማም!» ገበያው ሳቀብኝ። ቤት ስደርስ ሙሉ «ሽንኩርቱስ?» አለችኝ። ረስቼዋለሁ።

ክዳኑን በጎኑ ሰንጥቄ እንደ መጽሐፍ ዘረጋሁት፤ ሁለቱ ገጾች መስመር ለመስመር ገጠሙ። የሚስማር ቀዳዳዎቹን እየሸሸሁ ቆረጥኩ፤ ለዚህም ነው እንደገና ትንሽ ጊታር የወጣው። ቀጫጭን ዘንጎች ከዚያው እንጨት አወጣሁ። በመላጊያ ሳሳሳው፣ ሳንኳኳው፣ ሳሳሳው ሦስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ድምፁ ቀጭን ነበር፤ እየሳሳ ሲሄድ እየወረደ፣ እየሰፋ መጣ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ መላጊያውን አስቀመጥኩ። ጀርባውንና ጎኑን ዋንዛ አደረግኩት። እዚያ ዋንዛ ልክ ቦታው ነው፤ ድምፁን ሞቅ ያደርገዋል፣ እንዳይነጫነጭ ይገራዋል። አንገቱን ከዋንዛው ጊታር ነቅዬ ገጠምኩለት፤ ያ ማር የመሰለው ሆድ ያለ አንገቱ ግድግዳዬ ላይ ምስማር ላይ ተንጠለጠለ።

ሐዱሽ መጣና አንድ ክር ብቻ ነካ። ድምፁ ወጣ። ከወጣም በኋላ አልሞተም፤ ሱቁን ዞሮ፣ መጋዞቹን ነክቶ፣ በበሩ ወጥቶ ሄደ። ሙሉ ከጓሮ ብቅ ብላ «ሬዲዮ ገዛህ እንዴ?» አለች። ሐዱሽ ጊታሩን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሳቀ። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ የሳቀልኝ ደንበኛ የለም፤ አልጋ የገዛ ሰው አይስቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ምን እደብቃለሁ።

በሁለተኛው ቀን መኩሪያ መጣ። ሐዱሽ ተጫወተለት። እኔ «እጅዎ ይባረክ» እስኪለኝ ጢሜን እያሻሸሁ እጠብቃለሁ። መኩሪያ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«የሳጥን እንጨት ነው?» አለ።

«የሳጥን እንጨት ነው፤ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።» በሩን አየ። «መልኩ ገርጥቷል። ለአብዮት በዓል አይሆንም። ቀይ ዘይት ቀለም ልላክልዎትና ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡት። ወፈር አድርገው።»

«ዘይት ቀለም?» ጩኸቴ ማዞሪያው ድረስ ተሰምቷል አሉ። «የአጥር በር ነው? በሁለት ሚሊ ፊት ላይ ቀለም ደርበህ ማፈን ነው የቀረህ! እሱን ከምትቀባው እኔን ቀባኝ!»

አንተ አልኩት፤ ሊቀ መንበሩን። ሙሉ ከኋላዬ «ወይኔ ጉዴ» ስትል ሰማኋት። ሌላ ሰው ቢሆን ያሳስረኝ ነበር። መኩሪያ ግን ለአንድ አፍታ ትክ ብሎ አየኝና ጭንቅላቱን ነቅንቆ ወጣ። ያሸነፍኩት መሰለኝ።

የሰፈሩን ቀበሌዎች የሚያስተዳድረው የከፍተኛው የኪነት ውድድር ነሐሴ መጨረሻ ላይ በከፍተኛው አዳራሽ ተደረገ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ፍረወይኒ ነጭ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ናት። መጋረጃው ሲገለጥ ምን አያለሁ? ሐዱሽን ከሁሉም ኋላ፣ ከከበሮው ጀርባ አስቀምጠውታል። ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል። መኩሪያ ነው ያደረገው! እኔን ሊበቀል! ከወንበሬ ተነስቼ፣ ሙሉ ኮቴን ስትጎትት አስለቅቄ፣ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ሐዱሽን ክንዱን ይዤ ወደ ፊት አመጣሁት፤ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጌ የጊታሩ ቀዳዳ አፍ ላይ ደቀንኩለት። ሕዝቡ ሳቀና አጨበጨበ። መኩሪያ ከመድረኩ ጥግ እጁን አንስቶ ነበር፤ መልሶ አወረደው።

ሐዱሽ ተጫወተ። ስለ ድምፁ ደጋግሜ አልነግራችሁም። ከበሮ መቺው ራሱ መምታቱን ትቶ ሰማ። ሲጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ከዳኞቹ መካከል አንድ ሻምበል ነበር። በሰሜን በኩል ያለ የአንድ ክፍለ ጦር የኪነት ቡድን ኃላፊ ነው፤ በእንግድነት ነው የተጋበዘው። ተነሳና «ይህ ጊታር ከየት የመጣ ነው?» ብሎ ጠየቀ። መኩሪያ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ የሠራሁት! ካሳዬ፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ! ልጁም የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ሐዱሽ ይባላል፤ እንደሱ የሚጫወት አዲስ አበባን ብታስሱ አታገኙም!»

ሻምበሉ ፈገግ አለና ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። እንዴት ብሎ እንደጻፈ አሁንም ይታየኛል፤ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ።

ትእዛዙ የመጣው ከአብዮት በዓል በኋላ በሳምንቱ ነው። ሐዱሽ ለክፍለ ጦሩ የኪነት ቡድን ተመርጧል፤ «ከነመሣሪያው» ይላል ወረቀቱ። ይህ ምርጫ የሚባለው እንቢ የሚሉት ዓይነት አልነበረም። ቦሌ መንገድ ላይ በወታደሮቹ የጭነት መኪና ላይ ቆሞ ጊታሩን በእናቱ ሹራብ ጠቅልሎ አቅፎ ሲሄድ አየሁት። ፍረወይኒ በትግርኛዋ «ወደይ! ወደይ!»፣ ልጄ! ልጄ! እያለች መኪናው እስኪሰወር ሮጠች።

በማግስቱ ሱቄ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ።

«ጋሽ ካሳዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ያን ቀን ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ።»

ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ።

ጥቅምት ውስጥ መኩሪያ ብቻውን መጣ። ገብቶ የሱቄን በር ዘጋ።

«የእህቴ ልጅ የኪነት ጓዱ ውስጥ ገብቷል» አለ። «ጊታር ያስፈልገዋል።»

«የሳጥን እንጨት የለኝም» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ከክዳኑ የተረፈው ከአልጋዬ ሥር ነበር።

«ሳጥን አልጠየቅኩዎትም።» ምስማሩ ላይ ወደተንጠለጠለው የዋንዛ ሆድ በአገጩ ጠቆመ። «ያንን አንገት ያብጁለት።»

«ያ እኮ አይጮህም።»

«አውቃለሁ» አለ።

አየሁት። እሱም አየኝ፤ በዚህ ጊዜ በሩን አላየም።

«ሁለት ዓመት ሆነው፣ ክላርኔት የሚነፋ ልጅ ነበረን» አለ በሹክሹክታ። «መጥተው ሰሙት፤ ወሰዱት። አምና ደግሞ ድምፀ መረዋዋን ልጅ። የሚሰማውን ነው የሚወስዱት፣ ጋሽ ካሳዬ። ምን እንድልዎት ነበር የፈለጉት? ዋንዛ አልኩዎት። ይበቃናል፣ አይድከሙ አልኩዎት። ቀለም አልኩዎት። ከከበሮው ኋላ ደበቅኩት፤ እርስዎ እጁን ይዘው አወጡት። የቀበሌ ሊቀ መንበር በአፉ ከዚህ በላይ ምን ይላል?»

መቆጣት ፈለግኩ። በማን ልቆጣ? ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ መከራው ግን የመከረው እኔን ሳይሆን ፍረወይኒን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ይህ ሰው በገናን አይቶ ቆዳውን አላየም ብዬ ስንት ቀን አማሁት! ቆዳውንም አይቷል፣ ከቆዳው ወዲያ ያለውንም አይቷል። ሙሉም አይታለች። እኔ ብቻ፣ ጆሮ አለኝ የምለው ሰውዬ፣ አልሰማሁም።

አንገት አበጀሁለት። ፊቱን አላሳሳሁትም። ቨርኒሽም ደረብኩበት፤ አንዴ ቀባሁ፣ ሲደርቅ ደገምኩ።

ሁለተኛው እየደረቀ ሳለ ፍረወይኒ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ዓይኗ ደቃቅ ጽሑፍ አያነብም፤ የሐዱሽ ጽሕፈት ደግሞ ደቃቅ ነው። እጄን በጨርቅ ጠርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ለውድ እናቴ፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ ይላል። የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል ይላል። ጋሽ ካሳዬን አመስግኝልኝ፤ ጊታሩ የዚህን አገር ደረቅ አየር ወዶታል፣ በተጫወትኩት ቁጥር ድምፁ ይበልጥ እየተከፈተ ነው ይላል። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ፊት ሲጫወቱበት እየተፍታታ ይሄዳል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ዓይኔ ቀድሞ አየው። «አገልግሎቴን ስጨርስ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ ወይ ብዬ ሻምበሉን ጠየቅኩት። እንዲህ ያለ ጊታርና እንዲህ ያለ እጅ ከየት እናመጣለን፣ አንተንስ አንለቅም አለኝ» ይላል።

«ቀጥሎ ምን ይላል?» አለች ፍረወይኒ።

«አገልግሎቴን ስጨርስ እመጣለሁ ይላል።»

ደብዳቤውን ተቀብላ ሳመችውና አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። ልትወጣ ስትል ጠረጴዛዬ ላይ የተኛውን ጊታር አየች። ጠጋ ብላ፣ ቨርኒሹን ሳትነካ፣ ቁልቁል ተመለከተችው።

«ይሄስ ለማን ነው?»

«ለጓድ መኩሪያ የእህት ልጅ።»

«ይጮሃል?»

«አይጮህም።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ጎሽ» አለችኝና ወጣች።

ብሩሹን ነከርኩና ሦስተኛውን ደረብኩበት።